የሰፊ ጠረጴዛ

ስሙ ሌላ ነው። ግን መታወቂያው ላይ ካልሆነ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ እሺ» ነው የሚለው። «ጋሽ እሺ፣ የጓዳዬ በር አልዘጋ አለ።» «እሺ።» «ጋሽ እሺ፣ ይቺን ወንበር ለነገ ታደርስልኛለህ?» «እሺ።» «ጋሽ እሺ፣ ለዚያ ጎረምሳ ልጄ አልጋ፣ ቢዘልበት የማይሰበር።» «እሺ፣ ምን ችግር አለ!» እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። እውነት ነው። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ግን ከጋሽ እሺ ጋር በትዳር የኖረ አይመስለኝም።

በትዳር የኖረችው ልብስ ሰፊ ናት። እጇ ወርቅ ነው፤ አንዴ የጠቀመችውን ቀዳዳ ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ አያገኘውም። ከመኝታ ቤታቸው ቀጥሎ ባለችው ክፍል የስፌት መኪናዋን መስኮት ሥር አስጠግታ ትሠራለች። መስፋቱ ምንም አይደል። ችግሩ መቁረጡ ነው። ጨርቅ ለመቁረጥ ዘርጋ ያለ ቦታ ያስፈልጋል፤ እሷ ያላት ደግሞ ወለሉ ነው። አንሶላ ታነጥፋለች፣ ጨርቁን ትዘረጋለች፣ ትንበረከካለች፤ ከዚያ መቀሷን ይዛ ከዳር እስከ ዳር በጉልበቷ ትሄዳለች። በወጣትነቷ እየዘፈነች ነበር የምትሄደው። አሁን ዘፈኑ ቀርቷል፤ ስትነሳም ግድግዳ ትይዛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የአናጺ ሚስት ሆኜ ወለል ላይ ስድህ ትንሽ አታፍርም?»

«እሺ፣ እሠራልሻለሁ።»

መሥራቱንስ ሠርቶ ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ሦስት ጊዜ የሰፊ ጠረጴዛ ሠርቶላታል። አንዱም ግን ቤቷ አልደረሰም። የመጀመሪያውን ዳቦ ጋጋሪው አየው። «ጋሽ እሺ፣ ጎንበስ ብዬ ሳቦካ ወገቤ ተቆረጠ። ይሄን ስጠኝ፣ ለሷ ሌላ ትሠራለህ።» እሺ። ሁለተኛውን የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወሰደው። ሦስተኛውን ማን እንደወሰደው እሱም በደንብ አያስታውስም፤ በጣም የቸኮለ ሰው ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ሚስቱ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ያንን ሊጥ የደረቀበትን ጠረጴዛ አሻግራ አይታ፣ «ጠረጴዛዬ እንዴት ነው? ደህና ይዛችሁታል?» ትላለች። ጋጋሪው ነገሩ ስለሚገባው አንድ ዳቦ ይመርቅላታል።

ቤታቸው ውስጥ ራት የሚበሉበት ጠረጴዛ ደግሞ የሱ ሥራ አይደለም። ሲጋቡ ከሰፈሩ ታች ያለው ሌላው አናጺ በስጦታ የሰጣቸው ነው። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። ጋሽ እሺ እዚያ ላይ በበላ ቁጥር ያንገበግበዋል፤ ግን እግሩን የሚያስተካክልበት ጊዜ ተገኝቶ አያውቅም።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ሚስቱ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ልትቆርጥ ተንበርክካ መነሳት አቃታት። እሱ የሥራ ጋውኑን ለብሶ ሊወጣ ሲል ነው ያያት። ከኋላዋ ሄዶ ብብቷን ይዞ አነሳት። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ፤ መልሱም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም። ጉልበቷን አራግፋ ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ስማኝማ፣» አለችው። «ዋናው መንገድ ላይ ያለው የቤት ዕቃ መደብር የችፑድ ጠረጴዛ አምጥቷል አሉ። ቅዳሜ ሄጄ እገዛለሁ።»

ጋሽ እሺ ክው አለ። ችፑድ! ሰጋቱራ በሙጫ ተለውሶ፣ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶ የተለጠፈበት! እሱ በየማታው ጠርጎ የሚደፋውን ሚስቱ ተሸክማ ልታመጣው ነው!

«እኔ እያለሁ?»

«አንተማ አለህ። የሌለው ጠረጴዛው ነው።»

«እስከ ቅዳሜ እሠራልሻለሁ። በቃ! ቃሌ ነው!»

«እሺ፣» አለች ሚስቱ። በገዛ ቃሉ ነው የመለሰችለት፤ ምን ማለቷ እንደሆነም አልጠፋውም።

ሰፈርተኛው ምን ይላል የሚለው አሳስቦት ነበር፤ አልክድም። የአናጺ ሚስት ችፑድ ገዛች ከተባለ ከታች ያለው አናጺ ዓመቱን ሙሉ ሲስቅ ይኖራል። የባሰው ግን ያ አልነበረም። ሚስቱ ስትነዘንዘው እኮ ተስፋ አላት ማለት ነው። አሁን መነዝነዙን ትታለች። ይህን እያብሰለሰለ ወደ ሥራው ሄደ።

የእንጨት ሥራ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ክፍል ነው። ከበሩ ስትገባ በቀኝ በኩል ጣውላ ተደርድሯል፤ በግራ የመላጊያ ማሽኑ አለ፤ መሐል ላይ ብዙ መሮ የወጋው፣ ብዙ ኮላ የፈሰሰበት የሥራ ጠረጴዛ ተንሰራፍቷል። ጣሪያው ሥር፣ አግዳሚዎቹ ላይ፣ ማንም እንዳይነካቸው ተብሎ ወርደ ሰፋፊ ቀያይ ሳንቃዎች ተሰቅለዋል። «የሷ ናቸው» ይላል ጋሽ እሺ ሲጠየቅ። ለሚስቱ ጠረጴዛ ያስቀመጣቸው ናቸው፤ ተቀምጠው ተቀምጠው ሸረሪት አድርቶባቸዋል።

ሸሪኩ «ይጥበቅ» ይባላል። ይህም የቅጽል ስም ነው፤ የዓለም ችግር ሁሉ መድኃኒቱ ማጥበቅ ነው ብሎ ስለሚያምን የወጣለት። ብሎን ሲላላ «ይጥበቅ» ይላል። ኮላ የተቀባ እንጨት ሞርሳ ሲገባ «ይጥበቅ» ይላል። ሻይ ሲቀጥንበትም «ይጥበቅ» ብሎ ይመልሳል። ጋሽ እሺን ደግሞ፣ «አንተ ሰው፣ በጣም ላልተሃል» ይለዋል፤ ግን ከሱ ተለይቶ ሠርቶ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ይጥበቅ ማሽኑን አስነስቶ ጣውላ ሲልግ የጋሽ እሺ ስልክ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ዕድሜውን ሙሉ ማሽን ሥር የኖረ ጆሮ ምን እንደሚሆን መቼም ይታወቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የጋሽ እሺ ጆሮ ግን ባዳ ከመሆንም አልፎ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ተቃርቧል። እሱ ግን እምነቱ ሌላ ነው፤ «ጆሮዬ ደህና ነው፣ ሰዉ ነው መናገር የተወው» ባይ ነው።

ደዋይዋ መምህርት ናት። «የእርስዎን ሥራ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይቼ ነው» አለች፤ ይህን ማሽኑ በላው። «ሰፊ ጠረጴዛ እንዲሠሩልኝ ነበር» አለች፤ ይህ ደረሰ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ሰፊ» የምትለው ቃል ወረቀት ላይ አንድ ናት፤ አፍ ላይ ግን ሁለት ናት። «ፊ» ስትጠብቅ ወርዱ የማይጠብ ነገር ማለት ነው። «ፊ» ስትላላ መርፌና ክር የያዘ ሰው ማለት ነው። መምህርቷ እንደሚገባው አጥብቃ ተናግራለች። ከጠዋት ጀምሮ በጋሽ እሺ ጭንቅላት የምትዞረው ግን አንዲት ሰፊ ብቻ ናት፤ ጉልበቷን ይዛ ወንበር ላይ የተቀመጠችው። ስለዚህ አላልቶ ሰማት። ከፊቷ የጎደለችውን «የ» ደግሞ ማሽኑ ውጧት ነው ብሎ ከራሱ ጨመረላት።

«የሰፊ ጠረጴዛ ነው ያሉኝ?» ብሎ ጮኸ።

«አዎ! በደንብ የሰፋ!» ብላ ጮኸች።

«ቁመቱስ?»

«ቁመቱ ረዘም ይበል!»

መምህርቷ ቁመት ያለችው ከዳር እስከ ዳር ያለውን ነው። ጋሽ እሺ የሰማው ከመሬት ወደ ላይ ያለውን ነው። አማርኛችን ሁለቱንም ይችላል፤ ጥፋቱ የማንም አይደለም።

«ለቅዳሜ ይደርስልኛል? እናቴ…» የቀረውን ማሽኑ በላው።

«እሺ!» አለ ጋሽ እሺ፤ ስልኩን ኪሱ ሲከት ነው ምን እንዳለ የገባው።

ይጥበቅ ማሽኑን አጠፋ። «ማናት?»

«ልብስ ሰፊ ናት መሰለኝ። የሰፊ ጠረጴዛ ትፈልጋለች፤ ለቅዳሜ።»

«ያንተዋስ ሰፊ?»

«የሷንም እሠራለሁ።»

«በስንተኛው እጅህ?» አለ ይጥበቅ፤ ማሽኑንም መልሶ አስነሳ።

ማታ ራት ላይ ጋሽ እሺ ነገሩን ሊደብቅ አስቦ ነበር። ግን መደበቅ የማይችል ሰው ነው፤ ፊቱ ቀድሞ ያሳብቅበታል። «አንዲት ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ አዘዘች» አለ፣ ሳህኑን እያየ።

ሚስቱ «ዕድለኛ ሴት ናት» አለችና ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች። ጠረጴዛው በካርቶኑ ላይ ተንገዳገደ።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። እውነቱን ለመናገር፣ ጋሽ እሺ ጠረጴዛ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። እንጨቱን መጀመሪያ በጣቱ ያንኳኳዋል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። በዚያ በደከመ ጆሮው ምን እንደሚሰማ እሱ ነው የሚያውቀው፤ ግን አንዱን «አንተ ደህና ነህ» ብሎ ያስቀምጣል፣ ሌላውን «አንተ ታስለቅሰናለህ» ብሎ ያወጣል። ከዚያ ይልጋል፣ ያጋጥማል፣ ኮላ ይቀባል፤ ይጥበቅም በሞርሳ እንጨቱ እስኪጮህ ያጠብቃል።

ቁመቱ ላይ ሲደርስ ተቸገረ። ደንበኛዋን አይቷት አያውቅም። የሰፊ ጠረጴዛ ደግሞ እንደ ጫማ ነው፤ ልክ ካልሆነ ጠላት ነው። ከፍ ካለ ትከሻ ይገድላል፣ ዝቅ ካለ ወገብ ይገድላል። አሰበ፣ አሰበና እጁ ወደ ጋውኑ ሄደ። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት በር ላይ አጠገቡ ቆማ ሰጋቱራ ከትከሻው ስታራግፍለት ክርኗ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ጋት ዝቅ አድርጎ እግሩን ቆረጠው። ወርዱንም በተዘረጋ እጇ አሰበው፤ ባንድ በኩል ቆማ ወዲያኛውን ዳር ካልነካች ምኑን ቆረጠችው? ስለዚህ ጠረጴዛው ረጅም ሆነ፣ ከፍ ያለ ሆነ፤ ሰፊ ግን አልሆነም።

ከዚያ በኋላ እጁ አላቆም አለ። ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ከሚስቱ ቁርጥራጭ ያመጣትን የሐር ጨርቅ እየጎተተ ሞከረው፤ አንዲት ክር ከያዘች እንደገና አሸው። ከሥሩ ለጣቃ ጨርቅ መደርደሪያ ሠራ። ጠመኔ እየተንከባለለ ስለሚጠፋ ዳር ላይ በመሮ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ቆፈረለት። በመጨረሻም መቀስ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ መታ።

ይጥበቅ ማንጠልጠያውን ትክ ብሎ አየ። «በግራ በኩል?»

«አዎ።»

«ደንበኛዋ ግራኝ ናት እንዴ?»

ጋሽ እሺ ግራ ተጋባ። «ሰፊ ሁሉ ግራኝ አይደለም እንዴ?» አለ።

ይጥበቅ ሊመልስለት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ ኮላውን ማማሰል ቀጠለ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መምህርቷ ሥራው የት እንደደረሰ ልታይ መጣች። ደልደል ያለች፣ ጠመኔ የለመደ እጅ ያላት፣ ስትናገር ከኋላ የተቀመጠ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ የምትናገር ሴት ናት። ጠረጴዛውን ዞረችው። ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ተጠጋችው። ወንበር አስመጥታ ተቀመጠችበት፤ ከጠረጴዛው በላይ የሚታየው ግንባሯና ሻሿ ብቻ ሆነ።

«ጋሽ እሺ፣» አለች ከዚያ ከታች ሆና፣ «ቆመን ነው እንዴ የምንበላው?»

«የምትበሉት? ምኑን?»

«ራት ነዋ!»

«የሰፊ ጠረጴዛ ላይ ራት?» ጋሽ እሺ ደነገጠ። «ጨርቁ ዘይት ይነካዋል እኮ!»

«የምን ጨርቅ? እኔ ሰፊ ጠረጴዛ ነው ያልኩት! ሰፊ! ‹ፊ› ይጥበቅ እንጂ!»

«አቤት!» አለ ይጥበቅ ከጣውላው ጀርባ ብቅ ብሎ።

ነገሩ እስኪገባቸው ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ሲገባቸው ሦስቱም ሳቁ፤ መጀመሪያ ያቆመችው መምህርቷ ናት። ለመሳቅ የሚመች ሁኔታ ላይ አልነበረችም። ለካ ለእናቷ ነው። እናትየዋ ስምንት ልጅ አሳድጋለች። ያቺ የልጅነት ቤታቸው ጠረጴዛ ትንሽ ስለነበረች ልጆቹ ተጠጋግተው ይበላሉ፣ እናት ቆማ ታቀርባለች፤ የሷ ተራ ሲደርስ ምግቡ ቀዝቅዞ፣ ልጆቹም ተነስተው ነው። ቅዳሜ ስምንቱም ከነልጆቻቸው ከያሉበት ይመጣሉ። «አንድ ቀን፣» አለች መምህርቷ፣ «አንድ ቀን እንኳ ከመሐላችን ተቀምጣ ስትበላ ማየት እፈልጋለሁ። ‹ለኔ ቦታ የለም፣ እናንተ ብሉ› የምትለዋን ነገር አፏ ላይ ላስቀርባት ነው።» ሻሿን እንደማስተካከል አደረገች።

ጋሽ እሺም እናት ነበረችው።

መላውን ያመጣው ይጥበቅ ነው። «ቀላል ነው፣» አለ። «እግሩን እንቆርጠዋለን። በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ጣውላ እንጨምርበታለን፣ እናጠብቀዋለን። ነገ ጠዋት ሰፊ ነው።»

«ይቻላል?» አለች መምህርቷ፤ ፊቷ በራ። ሁለቱም ወደ ጋሽ እሺ ዞሩ። መልሱን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ ይጥበቅ ቀድሞ መጋዙን አቀበለው።

ጋሽ እሺ መጋዙን ተቀበለ። ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ቀጨጭ አለ። እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ የጠረጴዛው እግር ላይ የሚቆረጥበትን ምልክት አደረገ፤ የመጋዙን ጥርስም አሳረፈበት። ወለል ላይ ተንበርክኮ ቀና ሲል የግራው ማንጠልጠያ ልክ ፊቱ ላይ ነበር። ዳር ላይ ደግሞ የጠመኔዋ ጎድጓዳ። ያቺን በየአልጋው ሥር፣ በየምንጣፉ ሥር ሲፈልግላት የኖረውን ጠመኔ አሰበ። ሰፊ ሁሉ ግራኝ አይደለም። ግራኝ አንዲት ሰፊ ናት፤ እሱ የሚያውቃት። ከማክሰኞ ጀምሮ የሠራው የማንን ጠረጴዛ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። አሁን የመጋዙ ጥርስ ያረፈው ሚስቱ ጉልበት ላይ ነው።

«እምቢ» አለ።

ይጥበቅ የኮላ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። «ምን አልክ?»

«እምቢ አልኩ!» ጋሽ እሺ ተነሳ። ቃሉ ለአፉ እንግዳ ስለነበር ሲወጣ ከሚፈልገው በላይ ጮኾ ነው የወጣው። «ይሄ ጠረጴዛ ባለቤት አለው። አይቆረጥም!»

«እኔስ ታዲያ?» አለች መምህርቷ። «እናቴስ?»

«የእርስዎን እሺ። ይሄንን እምቢ። ሁለቱ አይገናኙም።» እየተናገረ ወደ ጣሪያው አየ። ቀያዮቹ ሳንቃዎች ሸረሪታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ወርዳቸው የሚገርም ነው፤ እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ አይገኝም። «ይጥበቅ፣ መሰላል አምጣ።»

«የሷ ናቸው እኮ ስትል አልነበር?»

«የሷ ጠረጴዛማ ተሠርቷል! እንጨት ተለዋወጡ፣ በቃ።»

መምህርቷ መሄድ ሲገባት አልሄደችም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ሸረሪቱን በመጥረጊያ ታወርድ ጀመር። በማግስቱም ከትምህርት ቤት መልስ መጥታ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ አሸች፤ ይጥበቅ «እዚህ ጋ አልጠፋም» እያለ እንደ ተማሪ ሲያርማት ደስ አለው። ቀዩ እንጨት ሲላግ ከውስጡ የማር መልክ ወጣ። ክንድ ለክንድ ሳይገፋፉ ቤተሰብ የሚይዝ፣ ከመሐሉ ያለውን ለማንሳት መንጠራራት የሚጠይቅ፣ ሰፊ፣ ሰፊ ጠረጴዛ ሆነ፤ «ፊ»ዋን የፈለጉትን ያህል ማጥበቅ ይቻላል። በበር እንዲገባም እግሮቹን በብሎን የሚፈታና የሚታሰር አደረጉት። ብሎኖቹን ማን እንዳጠበቀ መናገር አያስፈልግም።

ቅዳሜ ጠዋት መምህርቷ ቤት አደረሱት። እናትየዋ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጥተው መሐል ላይ በተደረገላቸው ወንበር ተቀመጡ። በሁለት እጃቸው እንጨቱን ዳሰሱት፤ ግራና ቀኝ አዩ። «ጥሩ ነው፣» አሉ፣ «ማን ሊያቀርብ ነው ታዲያ?» ብለው ሊነሱ ሲሉ ልጃቸው ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ጋሽ እሺ ግን ለመመረቅ እንኳ አልቆየም። ቅዳሜ ነው። ከሥራ ቤቱ ያንን ከፍ ያለውን ጠረጴዛ ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ቤት ሲገፉ፣ ችፑድ የጫነች ሚስቱ ከየትኛው ማዕዘን ትመጣብኝ ይሆን እያለ ዓይኑ ይቃብዛል። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ጋጋሪው ዱቄቱን እያራገፈ ወጣ።

«ኧረ ጋሽ እሺ! ይሄማ ከኔው ይሻላል። መደርደሪያም አለው! ለኔ አውርደው፣ ለሷ ሌላ…»

«እምቢ» አለ ጋሽ እሺ፤ ጋሪውንም አላቆመም። ሁለተኛው እምቢ ከመጀመሪያው ቀለለው።

ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «አመመው እንዴ?» አለው ይጥበቅን።

«ጠበቀ» አለው ይጥበቅ፤ ኩራትም ነበረበት።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ የለችም። ጠረጴዛውን የስፌት ክፍሏ ውስጥ አስገብተው መስኮቱ ፊት አቆሙት። ጋሽ እሺ አንዴ ወደ ግራ ገፋው፣ አንዴ ወደ ቀኝ መለሰው፤ ምንም ለውጥ አልነበረውም፤ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው። የግቢው በር ተንኳኳ።

ሚስቱ ባዶ እጇን ነበረች።

«ችፑዱስ?» አላት ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ በሰውነቱ ጠረጴዛውን እየከለለ።

«ተወኝ እስቲ። በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት፤ ድምፅ የለውም። ሻጩ ‹እናቴ፣ በር ነው እንዴ የሚያንኳኩት?› አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ካንተ ጋር ኖሬ እኮ ተበላሽቻለሁ።» ቦርሳዋን አስቀመጠች። «አሁን ወለሌን ልጥረግ፣ የሙሽራዋ ቀሚስ…»

ገለል አለላት። ጠረጴዛውን አየችው። ቀስ ብላ ተጠጋችው፣ ቆመችበት። ክንዷን አጠፍ ስታደርግ ልክ ሆነ። ግራ እጇ ማንም ሳይነግረው ሄዶ ማንጠልጠያውን አገኘው። ጣቷ ዳሩን እያሸ ሄዶ ጎድጓዳዋ ቦታ ውስጥ ገባ።

«የዚያች የዕድለኛዋ አይደለም እንዴ?» አለች ሳትዞር።

«የሷው ነው።»

«ታዲያ እኔ ቤት ምን ይሠራል?»

ጋሽ እሺ ሁሉንም ነገራት፤ «የ»ዋን ከራሱ እንደጨመረ፣ መምህርቷ ከጠረጴዛው ሥር ሆና እንደጠራችው፣ ይጥበቅ አቤት እንዳለ። ሚስቱ ሳቀች። ሳቋ እየበረታ ሄዶ ሊጥላት ሲል የሚደግፋት ፈለገች፤ ያን ጊዜ የያዘችው ግድግዳውን አይደለም፣ ጠረጴዛውን ነው። ጠረጴዛውም ንቅንቅ አላለም። መቼም ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም፤ እንዲህ ያለ ጆሮ የሰጠው በምክንያት ነው።

«ቆይ ግን፣» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «ልኬን ከየት አገኘኸው? አልለካኸኝም።»

«ከሦስተኛው ቁልፍ ነዋ።» ጋውኑን አሳያት።

መጥታ አጠገቡ ቆመች። ክርኗ ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ደረሰ።

«የዚህን ሰፈር ሰው ሁሉ ልክ ስወስድ ኖሬያለሁ፣» አለች። «የኔን ልክ የያዘ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።»

ጋሽ እሺ ይወዳታል፤ ሁሌም ይወዳታል፤ ግን ይህን በቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ያን ዕለትም አልተናገረም። ይጥበቅ ግቢ ውስጥ ሆኖ ጋሪውን ያለምክንያት ያጠብቃል።

በዚህ መሐል ከመስኮቱ ውጭ የጎረቤት ድምፅ መጣ። «ጋሽ እሺ! ያ በጋሪ ያሳለፋችሁት ጠረጴዛ ተሽጧል ወይ? አንድ ሰው በጣም ቸኩሎ…»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

«እምቢ!» አለ ጋሽ እሺ በመስኮቱ።

ሚስቱ የሙሽራዋን ነጭ ጨርቅ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጠመኔዋን ከጎድጓዳው፣ መቀሷን ከማንጠልጠያው አነሳች። መቀሱ ከወዲህኛው ዳር ተነስቶ ወደ ወዲያኛው ሲሄድ፣ ጋሽ እሺ በዚያ በደከመ ጆሮው አንድ ነገር የሰማ መሰለው። ማሽን የለም፤ የሚሳሳትበት ምክንያትም የለም። ቆማ እየቆረጠች ነበር፤ እየዘፈነች።